ከርብ ድልድይ ወዲህ

ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ኳስ አልወድም። ይህ መጀመሪያ ይቀመጥልኝ። እሑድ ሳምንት ከወረታ ደጋፊዎች ጋር ደብረ ታቦር እሄዳለሁ ያልኩት ለኳሱ ብዬ አይደለም። ወንድሜ ባምላክ የከተማችን ቡድን በረኛ ነው። ባለፈው ከሜዳው ውጭ ተጫውቶ ሲመለስ ጉልበቱ ተልጦ፣ ጃኬቱን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ነበር። ለመረቡ የሚጠነቀቀውን ያህል ለራሱ ቢጠነቀቅ ምን ነበረበት። እናታችን ብትኖር ተከትላው ትሄድ ነበር። እሷ የለችም፤ እኔ እሄዳለሁ።

ደጋፊዎቹን የሚያስተባብረው ደሳለው የሚባል ባለ ባጃጅ ነው። እኔ የምሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ድረስ መጥቶ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላውን ሰው በስልክ ነው የሚጠይቀው አሉ። አሠሪዬ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ትርሲት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የጀመረችው ብለው ሳቁብኝ። ለወንድሜ ነው አልኳቸው። ጭራሽ ባሰባቸው።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

የዓመቱ ሚካኤል። ለንግሡ ቁሐር ሄጄ አባቴ ቤት ዋልኩ። ሩዙ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ውሃ ውስጥ ቆሟል። መንገዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው።

ባምላክ አልመጣም። ልምምድ አለብኝ አለ። ልምምድ እንደሌለ አሰልጣኙ ራሱ መንገድ ላይ ነግሮኛል፤ ግን ምን ብዬ ላፋጥጠው። ነገሩን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ቁሐር ሚካኤል ዲያቆን ነበር። ድምፁን ሰው ከሌላ ደብር መጥቶ ይሰማው ነበር። አንድ እሑድ ተራው ሆኖ ሳለ ሳይናገር ጠፍቶ ለጨዋታ ሄደ። ዲያቆን ጎደለ፣ ምትክ ታጣ፣ ቅዳሴው ታጎለ። አባቴ ቄስ አዛናው ናቸው የዚያ ቀን ቀዳሹ። ምእመኑ ፊት ቆመው፣ ያስታጎለው የእኔ ልጅ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ዲያቆን ልጅ የለኝም አሉ። ባምላክ ይህን ከሰው ሰማ። ከዚያ ወዲህ የአባቱን ደጅ አልረገጠም፤ አባቴም ስሙን አይጠሩም። ያ ልጅ ነው የሚሉት፣ እሱንም ሲቸግራቸው።

ዛሬ እንግዳ በዝቶ ነበር። ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ ዘመድ አባቴ አጠገብ ተቀምጦ፣ በዚህ ወር ብርዱ እንዴት ነው አገራችሁ እያሉ ደጋግመው ጠየቁት። ምን እንዳስጨነቃቸው እንጃ። ስወጣ ወፍራም ጋቢ አውጥተው ሰጡኝ። አባ፣ ወረታ እኮ አይበርድም ብላቸው፣ ያዥው አሉኝ። እኔ ብለብሰው መሬት የሚጠርግ የወንድ ጋቢ ነው።

ኅዳር 18፣ እሑድ ማታ

ደብረ ታቦር ደርሰን ተመለስን። ጣቴ አሁንም ብዕር አልይዝ ብሎኛል።

በአይሱዙ ነው የሄድነው። ደሳለው ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዞልኝ ነበር፤ ሰው እንዳያወራ ብዬ እምቢ አልኩና ከወንዶቹ ጋር ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ኩራቴን ረገምኩት። ነፋሱ እንደ ምላጭ ነው። ልጆቹ ግን ጀሪካን እየደበደቡ እስከ ከተማው በር ድረስ ዘፈኑ። እኔ አልዘፈንኩም። ትንሽ አጨበጨብኩ፣ ለሙቀቱ።

ሜዳው በር ላይ ፖሊሶች ፈተሹንና ከማዕዘኑ ዳር ፀሐይ ፊት ለፊት ከሚመታበት አቆሙን። እንግዳ ደጋፊ የሚቆመው እዚያ ነው አሉ። የእነሱ ሰው ሜዳውን ከቦ፣ "ሩዙ በሰለ ወይ?" እያለ ይዘፍንብናል። የእኛዎቹም፣ "ድንቹ ተላጠ ወይ?" ብለው መለሱላቸው። ፖሊሶቹም ሳቁ። አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ተወርውሮ ትከሻዬን መታኝ፤ ባዶ ስለነበር አላመመኝም።

ከአጥሩ ማዶ በእኔ ዕድሜ የምትሆን የደብረ ታቦር ሴት ቆማ ነበር። ቆሎ ትቆረጥማለች። ብቻዬን ከወንድ መሃል ስታየኝ እጇን በሽቦው አሾልካ ዘገነችልኝ። የማን ነሽ አለችኝ፤ የበረኛው እህት ነኝ አልኳት። ቆይቶ ባምላክ ላይ ጎል ሲገባ ዘልላ አጨበጨበች፤ ከዚያ እኔን አየችና እጇን ሰበሰበች። "አይዞሽ እናቴ፣ የእናንተዎቹም ያገባሉ" አለችኝ። እውነትም አገቡ። አንድ ለአንድ ወጣን።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ኳሱ ሩቅ ማዶ ሲሆን ባምላክ በቋሚዎቹ መካከል ብቻውን ይቆማል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ተከላካዮቹን የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አንገቱን ቀና፣ እጁን ደረቱ ላይ አጠፍ አድርጎ ሲያዘግም ግን አወቅሁት። መቅደስ ደጃፍ ቆሞ የሚያዜመውን ነው የሚያዜመው።

ጋቢው ጠቀመኝ። ጨዋታው ሲያልቅ እሱ በላብ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አለበስኩት። ልኩ ነው። የማን ነው አለኝ፤ ከገበያ ነው አልኩት። ዳር ዳሩን አገላብጦ አየ እንጂ ሌላ አልተናገረም።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

አባቴ ለገበያ መጥተው መፈልፈያው ደጃፍ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ። ስለ ሩዙ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ መሪጌታ እግር ሕመም አወሩኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ፣

"ደብረ ታቦር ሜዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት ይላሉ" አሉ።

"ማን ነው የሚለው?"

"ሰው።"

ደብረ ታቦር መሄዴን አልነገርኳቸውም ነበር። ደሳለው አጠገባችን ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ወዲያ ያይ ነበር፤ እሱ ይሆን የነገራቸው? ነገሩ በባጃጁ ቁሐር ድረስ ሰው ያመላልሳል፣ አባቴንም ያገኛቸዋል። አባቴ ግን ኳስ የሚባል ነገር ይጠላሉ፤ ይህን አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

ሩዝ፣ ሩዝ፣ ሩዝ። ማሽኑ ያለ እረፍት ይፈጫል፤ ጆሮዬ እዚህም ሲያፏጭ ይሰማኛል። ገለባው ፀጉሬ ውስጥ፣ ሽሮው ውስጥ፣ እዚህ ወረቀት ላይ።

ዛሬ ወረታ ላይ ተጫውተው አሸነፉ። አላየሁትም። ወይዘሮ ገላነሽ ጩኸቱን ሰምተው ሮጠሽ እይ ቢሉኝ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ ኮራሁ። የሰፈሩ ሴቶች አባትሽን ከሜዳው ኋላ ካለው ዛፍ ሥር ጥላ ይዘው ሲያርፉ አየናቸው አሉኝ። እሑድ ከቁሐር ድረስ ለማረፍ? ሌላ ቄስ ይሆናል። ጥምጥም ሁሉ አንድ ነው።

ጥር 3፣ ረቡዕ

ከደቡብ አንድ ክለብ ለባምላክ ደወለ። ደብረ ታቦር ላይ ያየው ሰው ነው የጠቆመው። ለሙከራ ና ብለውታል። የመጨረሻው ጨዋታ ይፋግ ላይ የካቲት 5 ነው፤ በማግስቱ ሰኞ ማለዳ ይሳፈራል።

ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ከዚያ ቦርሳውን ሳየው ዚፑ ተበላሽቷል። አሠራልሃለሁ ብዬ ወሰድኩት።

ግን ሳይመረቅ ሊሄድ ነው? አገር ለቆ የሚሄድ ልጅ የአባቱን ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው። ያልተመረቀን ሰው መንገድ አይቀናውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ አምንበታለሁ። ቁሐር ሂድና ታረቅ ስለው፣ "ልጅ የለኝም ላለ ሰው ልጅ ነኝ ብዬ ልሂድ?" አለኝ። አንገቱ የአባቴ አንገት ነው። አይታጠፍም።

ጥር 6፣ ቅዳሜ

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አባቴን ገበያ አግኝቼ ባምላክ አገር ሊለቅ ነው አልኳቸው፤ ስለ በርበሬ እያወራን፣ እንደ ቀላል ነገር። እሱ ራሱ ሊነግራቸው የሚገባውን እኔ ዘረገፍኩት። ምላሴን ብቆርጠው።

አባቴ በርበሬውን መልሰው አስቀመጡ። ፊታቸው ሲጠቁር ጊዜ ይበልጥ ደነገጥኩና የማይነገረውንም ጨመርኩ። ከቋሚዎቹ መካከል ሲቆም ቅዳሴውን ያዜማል አልኳቸው።

"የትኛውን?"

"አልሰማሁም አባ፤ ሩቅ ነበርኩ።"

"እህቱ ሆነሽ አትቀርቢም ኖሯል?" አሉኝ። ተቆጥተው ነው ያሉኝ። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። በርበሬውንም እኔ ገዛሁት።

ጥር 12፣ ዓርብ

ትናንት ጥምቀት ነበር፤ ዛሬ የሚካኤል ታቦት ገባ። ባምላክ ሳልነግረው ቁሐር መጣ። ቤት ግን አልገባም። ከጎረምሶቹ ጋር ሆኖ ለታቦቱ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ኋላ ያለውን ጠቅልለው ወደ ፊት እየሮጡ ይዘረጋሉ። ታቦቱን ያከበሩት አባቴ ናቸው። ታቦት የተሸከመ ቄስ አይናገርም፣ ግራ ቀኝ አያይም። ባምላክ ምንጣፉን ዘርግቶ እጥፋቱን በመዳፉ ያስተካክላል፤ አባቴ ይረግጡታል፤ እሱ ደግሞ ይሮጣል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እንዲህ ሆነው ሄዱ። እልል ማለት አቃተኝ።

ታቦቱ ገብቶ አባቴ ሲወጡ ባምላክ ሄዷል። ቆመው ሰዉን ሲያዩ፣ ማንን ይፈልጋሉ አልኳቸው። ማንንም አሉ።

ጥር 22፣ ሰኞ

ዛሬ የሰማሁትን ልጻፍ። ቄስ ሉቃስ፣ የአባቴ ባልደረባ፣ ሩዝ ሊያስፈለፍሉ መጥተው ነበር። ቀዳሾቹ በየሳምንቱ ሰሞን እየተቀባበሉ ነው የሚያገለግሉት፤ ሰሞነኛ የሆነ ከደብሩ አይርቅም። የካቲት 5 የአባቴ ሰሞን ነው። ቄስ ሉቃስ ያን እሑድ እኔ ልቀድስላቸው ተስማምተናል አሉኝ። "አባትሽ ለመኑኝ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ሰሞናቸውን ለሰው ሰጥተው አያውቁም።" መቼ ለመኑዎት ብላቸው ከጥምቀት በፊት አሉኝ።

ወዲያው በደሳለው ባጃጅ ቁሐር ሄድኩ። ለምን ሰሞንዎን ለወጡ አልኳቸው። ጥርሴን አሞኝ፣ ይፋግ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ አሉ። ይፋግ እኮ ያን ቀን ጨዋታ አለ አልኳቸው።

"እንዲያ ነው? እንግዲያ መኪና አይጠፋም" አሉኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ደሳለው እስክንመለስ ድረስ ሳቁን ዋጠ። እኔ ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ፤ አቧራው ነው አልኩት። ለባምላክ አልነግረውም። ተስፋ አድርጎ ቢቀርበትስ? ድንገት ዞር ሲል ያያቸው። አንድ ጊዜ ሲጫወት ቢያዩት፣ እሱም ቢያያቸው፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

ባምላክ ቦርሳዬ የታለ አለኝ። ዚፕ የሚሠራ ሰው አላገኘሁም አልኩት። ልብስ ሰፊው ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ ነው ያለው። ሰኞ እወስደዋለሁ።

ደሳለው ወንድምሽ ከሄደ በኋላ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ አለኝ። ምን እሆናለሁ፣ ሩዝ እመዝናለሁ አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት እንጃ።

የካቲት 4፣ ቅዳሜ

ቦርሳው ተሠራ። ማሊያው ታጠበ። ዳቦ ጋገርኩ።

ማታ ደሳለው ከቁሐር መጣ። ቄስ ሉቃስን ወባ ጥሏቸዋል። ይንቀጠቀጣሉ፤ ከአልጋ አይነሱም። ሌላ ቄስ የለም። አባቴ ይቀድሳሉ።

የቀደሰ ይቆርባል። የቆረበ ደግሞ በዚያን ቀን ወንዝ አይሻገርም። ወረታና ይፋግ መካከል ርብ አለ። በቃ፣ ቀረ። ለባምላክ ባለመንገሬ ተመስገን እላለሁ፤ ግን ምኑ ነው ተመስገን የሚባለው።

የካቲት 5፣ እሑድ

ቁሐር አባቴ ቤት ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው። ሁሉም ተኝቷል። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ቡድኑ ቀድሞ ሄደ። የእኛ አይሱዙ ሊነሳ ሲል ደሳለው ባጃጁን ይዞ ከቁሐር መንገድ ብቅ አለ፤ አባቴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከቅዳሴ ነው የመጡት። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

"አባ፣ ወንዝ እኮ ሊሻገሩ አይችሉም" አልኳቸው።

"እስከ ወንዙ ማን ከለከለኝ" አሉ።

አይሱዙው ጥሎን ሄደ፤ እኛ በባጃጁ ተከተልን። ርብ ድልድይ ስንደርስ አባቴ ወረዱ። ከድልድዩ ወዲህ ሾላ አለ፤ ሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማዶ ሜዳ ነው፣ ከሜዳው ወዲያ የይፋግ ዛፎች ይታያሉ። ኳሱ አይታይም፣ ጩኸቱም አይሰማም። ሂጂ ከሰዎቹ ጋር አሉኝ። እኔ ኳስ አልወድም አባ አልኳቸውና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። መሄድ ፈልጌ ነበር። እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ደሳለው ለእኛ ብሎ ብቻውን ተሻገረ።

ትንሽ ቆይቶ ወረታ የሚኖሩ የይፋግ ልጆች በመኪና ጢም ብለው መጡ፤ ባንዲራቸውን ዘርግተዋል። ቄስ ሲያዩ አቆሙና እየተጋፉ ወርደው መስቀል ተሳለሙ። አንዱ፣ አባ፣ ዛሬ ለይፋግ ይጸልዩልን አላቸው። አባቴ ሁሉንም ግንባራቸውን እየነኩ አሳለሟቸው። በሰላም ግቡ አሉ። ሲሄዱ፣ ምነው አባ፣ ተጋጣሚውን እኮ ነው የባረኩት አልኳቸው።

"መስቀል ይከለከላል እንዴ? በሰላም ግቡ አልሁ እንጂ አሸንፉ አላልሁም" አሉ። ግን ቅር ብሏቸው ነበር። ጥቂት ቆይተው፣ "አይዶለም እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።

ጨዋታው ሲጀመር ደሳለው ደወለ። ከባምላክ መረብ ኋላ ቆሞ የሚያየውን ሁሉ ይነግረናል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ድንጋዩ ላይ አኖርኩት። አባቴ ወደ ወንዙ እያዩ ነው፤ ጆሯቸው ግን ወደ ስልኩ ነው። ጎል አስገባን። አባቴ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ አገቡብን። ከዚያ ደሳለው ሪጎሬ ተሰጠብን አለ። አባቴ መስቀሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። በስልኩ ጩኸት መጣና፣ "አወጣት፣ አወጣት" አለ ደሳለው።

"በየት በኩል ወደቀ?" አሉ አባቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

"በግራው አባ።"

"በግራው" አሉ ለእኔ፣ እኔ ያልሰማሁ ይመስል። ዓይናቸው ሞልቷል።

ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን በተመታች ኳስ ተሸነፍን። ሁለት ለአንድ። ደሳለው እንደ በደለኛ ቀስ ብሎ ነው የነገረን። ከዚያ፣ ለባምላክ ልንገረው ወይ አለኝ። አባቴን አየኋቸው። ንገረው አልኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቡድኑ ሚኒባስ ከማዶ መጣ። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባምላክ ወረደ። ማሊያውን እንደለበሰ፣ ታኬታውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በካልሲ ድልድዩ ላይ መጣ። ከብት ይሻገር ነበርና በላሞቹ መካከል ነው የመጣው። አባቴ ተነሥተው ከድልድዩ ጫፍ ቆሙ። አንድ እርምጃ እንኳ አልገቡም።

ባምላክ አጠገባቸው ሲደርስ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሳይነሳ፣

"ለምን አልተሻገሩም?" አላቸው።

"ቀድሼ ነው። ሉቃስ ታሞ፣ ሰው አልነበረም። ብተወው ይታጎል ነበር።"

ባምላክ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ። መሬቱ ላይ ተንበረከከ፤ የከብት እበት ያለበት ነው። "ይፍቱኝ አባ" አለ። "ያን ቀን እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ። ይፍቱኝ።"

አባቴ መስቀሉን ራሱ ላይ አኖሩት። "እግዜር ይፍታህ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "እኔም በድየሃለሁ። በሰው ፊት ነው ያዋረድሁህ። በቤቴ ልቆጣህ ስችል" አሉት። በሕይወቴ አባቴ በደልሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከሚኒባሱ ሰዎቹ ያያሉ፤ ማንም ጥሩንባ አልነፋም።

ባምላክ ነገ ማለዳ እሄዳለሁ፣ ይመርቁኝ አለ። ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ወደ እሳቸው ከፍ አደረገ። አባቴ መዳፉን ከሥር ደግፈው ያዙ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ተውት። ነጠላቸውን መልሰው አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ዛሬ ቆርቤያለሁ። እትፍ ማለት አይሆንልኝም" አሉ። "ለሩቅ መንገድ ደግሞ ደረቅ ምርቃት አይበቃም። ቤት እደር። ጠዋት እመርቅሃለሁ።"

ባምላክ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። "እቤት?" አለ።

"አልጋህ እንዳለ ነው።"

በደሳለው ባጃጅ አባትና ልጅ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ከደሳለው ጎን ተጣብቤ ቁሐር ገባን። መንገዱን ሙሉ አባቴ ስለ ሪጎሬዋ ይጠይቃሉ። በየት በኩል እንደምትመጣ በምን አወቅህ፣ ሰውየው በየትኛው እግሩ ነበር የመታት፣ እጅህን አላመመህም። ባምላክ መጀመሪያ ባጭሩ መለሰ፤ ኋላ እጁን እያወራጨ ያስረዳቸው ጀመር። የሚያዜመው የትኛውን እንደሆነም ጠየቁት። ነገራቸው። ያችማ አስቸጋሪ ናት፣ መሃሏን እንዳታበላሻት አሉት።

እራት በልተን ሁለቱም ተኙ። የባምላክን ቦርሳ ጠዋት ደሳለው ከቤት መናኸሪያ ያመጣልኛል። ሁሉም ነገር ውስጡ አለ። አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቼ ባየው ደስ ባለኝ።

የካቲት 6፣ ሰኞ

ገና ሳይነጋ ወረታ መናኸሪያ ደረስን። ብዙ ሰው ነበር፤ ረዳቱ ቶሎ በሉ ይላል። አባቴ ግን አልቸኮሉም። ባምላክን ከአውቶቡሱ ጎን አቁመው መዳፎቹን አስዘረጉት። ጣቶቹ ከትናንት ወዲህ አብጠዋል።

"የያዝኸው አይምለጥህ። የነካኸው ይባረክልህ። እንግዳ ሆነህ በገባህበት አገር ባለቤት ሁን። ደክመህ ስትመለስ ደጅህ ክፍት ይቆይህ" አሉና በግራው መዳፍ እትፍ፣ በቀኙ እትፍ አሉ። ባምላክ ሁለቱንም እጁን ዘጋ።

እኔን ሲሰናበተኝ በክርኑ ነው ያቀፈኝ። መሄዱ ደስ ብሎኛል ብዬ ለራሴ የምዋሸው ሁሉ እዚያ አለቀ፤ ሸሚዙን አረጠብኩት። ቦርሳውን ደሳለው ሰቀለለት። ትኬቱን ከኪሱ አውጥቼ ለረዳቱ ያሳየሁለት እኔ ነኝ፤ እሱ እጁን ሊከፍት አልፈለገም። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ በሁለት ጭብጡ አውለበለበልን።